የሼኩዌ ውታፍ

ታንጋ ከግልገልነቷ ጀምሮ ፈሪ ነበረች። በላሙ ደሴት ድመት ሰው አትፈራም። መስጊድ ደጃፍ ላይ ተዘርራ ሰጋጁ እየተሻገራት ይገባል፤ ዓሣ ሻጩ ቢላዋ ሲያነሳ አንገቷን ታሰግጋለች እንጂ ንቅንቅ አትልም። ይቺኛዋ ግን ሌላ ነበረች። አህያ ሲያናፋ አልጋ ሥር፣ ክዳን ሲወድቅ አልጋ ሥር፣ በር ሲንኳኳ አልጋ ሥር። በዚህ ደሴት አህያ የማያናፋበት ሰዓት የለምና ዕድሜዋን እዚያው አልጋ ሥር ፈጀችው ማለት ይቀላል። ስሟ ሸራ ማለት ነው። ያወጣላት ፉንዲ፣ ማለትም ባለሙያው፣ ሼኩዌ ነው፤ ጠጉሯ የጀልባ አሮጌ ሸራ ይመስላል ብሎ። ነፋስ ሳይነካት የምትርገበገብ ሸራ ይቺን ብቻ ነው ያየሁት እያለ ይቀልድባት ነበር።

በዓለም ላይ የምታምነው ሁለት ሰው ብቻ ነበር፤ ጀልባ ሠሪውን ሼኩዌንና ሚስቱን ሶሞኤን። ከሁለቱ አንደኛው ሞተ።

ከሞቱ አሟሟቱ ይባል የለ። በማቶንዶኒ መንደር የባሕር ዳርቻ ጀልባ ሲሠራ ግራ እግሩን ሚስማር ወጋው። ሚስማሩን በገዛ እጁ መንግሎ አወጣ፣ ጥጥ አከረረ፣ በሻርክ ዘይት ነከረ፣ ቀዳዳውን ወትፎ ወደ ሥራው ተመለሰ። አይፈረድበትም። በሳንቃና በሳንቃ መሃል ውሃ እንዳይገባ የሚወትፉትን ያንኑ ዘይት የጠጣ ጥጥ የሼኩዌ አባትም አያትም ለገላቸው ሲወትፉት ኖረዋል። ለእንጨት የበጀ ለሥጋ ምን ያንሰዋል ይላሉ። ሶሞኤ ሽታው ሲለወጥ አፍንጫዋ ነገራትና ልክፈተው፣ ልጠበው ብላ ለመነችው። እንዳትነኪው አላት። አልነካችውም። በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም፤ እሱ ደግሞ ደብቆ ወተፈበት። እግሩ ጠቁሮ በጀልባ ተጭኖ ሆስፒታል ሲደርስ ሐኪሙ፣ ቁስሉ ከላይ ተዘግቶ ወደ ውስጥ እንደሄደ፣ ቀደም ብሎ ተከፍቶ ቢሆን ግን ቀላል እንደነበር ለሶሞኤ ነገራት። ሐኪም ደግሞ እንዲህ ያለውን ነገር ለምን ይናገራል? ከዚያን ቀን ወዲህ ያቺ «ቀላል» የምትል ቃል በሶሞኤ ጉሮሮ ላይ እንደ ዓሣ አጥንት ተሰንቅራ ቀረች።

አሁን ዒዳ፣ ባል የሞተባት ሴት በቤቷ የምትቀመጥበት የሐዘን ወቅት ላይ ነች። ከቤት አትወጣም፣ ባዳ ወንድ አያያትም፣ ሂና አትሞቅም፣ ሽቶ አትነካም። የሟች ታላቅ እህት ዙሌካ ልታስተዛዝናት መጥታ አብራት ተቀምጣለች። ዙሌካ ሦስት ባል ቀብራለች፤ የዒዳን ነገር ከሼኹ ይልቅ እሷን መጠየቅ ይሻላል። ደግ ሴት ነች፤ ደግነቷ ግን ቁጣ ቁጣ ይለዋል።

ቤቱ እንደ ሌሎቹ አሮጌ የድንጋይ ቤቶቻችን ከደጅ ወደ ውስጥ በገቡ ቁጥር እየጨለመ ይሄዳል። መጨረሻው ላይ መስኮት የሌለው ክፍል አለ፤ ግድግዳው ላይ ዕቃ የሚቀመጥባቸው ትናንሽ ኪሶች የተፈለፈሉበት። ሴት የምትወልደው እዚያ ነው፤ ሬሳ የሚታጠበውም እዚያ ነው። ሼኩዌም እዚያ ታጠበ። ታንጋ ከዚያ ቀን በኋላ የድሮ መደበቂያዋን ትታ እዚህ ክፍል ገባችና የገመድ አልጋው ሥር ጎጆ ቀለሰች። ሶሞኤ የባለቤቷን ጠረን ፍለጋ ነው ብላ ተወቻት። ልቧ ግን ደስ አላለውም፤ ያቺ ለዝንብ የምትደነግጥ ድመት ማንም ደፍሮ የማይገባበት ጨለማ ውስጥ ምን ተማምና ነው?

ከዚያ ታንጋ ማነከስ ጀመረች። የፊት እግሯን ከፍ አድርጋ በሦስቱ ዱብ ዱብ ትላለች፣ ቁጭ ብላ መዳፏን ትልሳለች፣ ምግብ ሲቀርብላት አሽትታ ትመለሳለች። ሊነኳት ሲሞክሩ ትጮሃለች፣ እጅ ትቧጥጣለች፣ መልሳ አልጋ ሥር። መዳፏ አብጦ የእንጎቻ ያህል ሆኗል። ክፍሉ መሽተት ጀመረ። ሶሞኤ ያንን ሽታ ታውቀዋለች። ሰው ባሏን የገደለውን ሽታ አይረሳም።

ዙሌካ በሩ ላይ ቆማ አፍንጫዋን በምትከናነበው ሌሶ ጫፍ ይዛ አየቻት።

«የትኛው እግሯ ነው?» አለች።

«ግራው ነው፣ ዳዳ።»

ሶሞኤ የባሏን ታላቅ እህት «ዳዳ»፣ እህቴ፣ ነው የምትላት። ምሳ ላይ ዙሌካ የኮኮናቱን ዓሣ እየቆረሰች ሐሳቧን ተናገረች። ይህቺ ከእንግዲህ ድመት አይደለችም፤ የሞተ ሰው እግር ተሸክማ የምትዞር ነገር ነች፤ ዒዳ ላይ ያለች ሴት ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ነገር ሲገባ መጀመሪያ ድመቷን፣ ቀጥሎ ባለቤቷን ነው የሚወስደው። አትገደልም፣ ደም አይፈስም፤ ዓርብ ከጁምዓ በኋላ ወደ ማንዳ ደሴት የሚሻገር እንጨት ጫኝ ጀልባ አለ፣ በጆንያ ተደርጋ ትሸኛለች። ባሕር የተሻገረ ነገር አይመለስም አለች። አንካሳ አሮጊት ድመት ማንዳ ዳርቻ የማንግሮቭ ዛፍ ጭቃ ውስጥ ከተለቀቀች መሸኘቱ መግደል እንደሆነ ሁለቱም ያውቁታል። ሶሞኤ ደጅ ወጥታ የምታስጥልበት እግር የላትም፤ ዒዳው አስሯታል። አንዱን በመታዘዝ ቀብሬያለሁ፣ ሁለተኛዋን አልቀብርም ብላ በልቧ ማለች።

ፈሪ ድመት በማባረር አትያዝም። ሶሞኤ ውስጠኛው ክፍል ገብታ ጀርባዋን ለአልጋው ሰጥታ ወለሉ ላይ ተቀመጠችና የደረቀ ዓሣ ከጎኗ አኑራ ሰርግ ላይ የምትዘፍነውን ዘፈን በአፍንጫዋ ማንጎራጎር ያዘች። ዞራ አላየቻትም። ብዙ ከቆየች በኋላ የድመቷ ራስ ጭኗን ነካት። ቀስ ብላ በሌሶዋ እንደ ሕፃን ጠቀለለቻት፣ ግራ እግሯን ብቻ አውጥታ ወደ ፋኖሱ አስጠጋች።

ቁስሉ በሁለት ጣቶቿ መሃል ነበር። ቁስሉ ላይ ግን ጥጥ ተወትፎበታል።

ሶሞኤ መጀመሪያ ዓይኗን አላመነችም። በጥፍሯ ጫፍ ያዝ አድርጋ ሳበችው። የሻርክ ዘይት ሸተታት። ጥጡ የተከረረ ነው፣ በልክ የተከረረ፣ ያከረረውም ሰው ወደ ግራ ነው ያዞረው። ሼኩዌ ግራኝ ነበር። የማቶንዶኒ ባለሙያዎች ሁሉ ጥጥ ወደ ቀኝ ሲያከርሩ የእሱ ብቻ ወደ ግራ ይዞራል፤ አሮጌ ጀልባ ሲጠገን ውታፉን የነቀለ ሰው ሁሉ «ይሄ የሼኩዌ ነው» እያለ ያልፍ ነበር። ቀና ብላ ግድግዳውን አየች፤ ጥጡና የዘይት ቆርቆሮው ያለበት የመሣሪያ ዘንቢሉ በለቅሶው ዕለት ዙሌካ አፉን አስራ ከሰቀለችበት ችንካር ላይ እንዳለ ነው። ቋጠሮው አልተነካም።

ዙሌካን ጠየቀቻት። ዙሌካ በአላህ ስም ማለች፤ እኔ ያንን አውሬ ልነካ ብላ ተቆጣች፤ ጥጡን ስታየው ግን ቁጣው ከፊቷ ላይ ረገፈ። ልትነካው እጇን ዘርግታ መለሰችው። «ወደ ግራ ነው» አለች በቀስታ። ከዚያም ዓርብ ትሸኛለች ካልኩ ዓርብ ነው፣ አንድ ቀን አላሳድርም አለች።

ሶሞኤ በመስኮት አህያ ነጂ ጠርታ የእንስሳት ሐኪሙን አስጠራች። ሐኪሙ ቸሩዮት የሚባል ከደጋ የመጣ ሰው ነው። ከተማው የአህያ ሐኪም ይለዋል፤ እሱ ግን ድመትም አውቃለሁ እያለ ይከራከራል። እንግዲህ እሱ ወንድ ነው፣ እሷ ዒዳ ላይ ነች፣ ድመቷ ደግሞ ከሶሞኤ እጅ ውጪ በማንም እጅ አትያዝም። መላ ተፈለገ። ሐኪሙ ደጃፉ ላይ ካለው የድንጋይ መደብ ላይ ተቀመጠ፤ ሶሞኤ ከመጋረጃው ጀርባ ሆነች፤ በመጋረጃው መሃል ሁለት እጅና አንድ የድመት እግር ብቻ ወጣ። መንገደኛው ሁሉ እየቆመ ያይ ነበር። ዙሌካ ከኋላ ሆና፣ ይሄንንም ለማየት ነው ዕድሜ የሰጠኝ እያለች ታጉረመርማለች።

ሐኪሙ ቁስሉን ጫን ሲለው መግሉ ፈሰሰ። ታንጋ በሌሶው ውስጥ ተንቀጠቀጠች፣ ሽንቷን ለቀቀች፤ ሶሞኤም አፏን ጆሮዋ ላይ ለጥፋ ስታባብላት ቆየች።

«እማማ፣ ይሄን ሲወትፍ የነበረው ማን ነው? ገና ከሥሩ የጥጥ ጭራ አለ» አለ ሐኪሙ።

ሶሞኤ ከመጋረጃው ጀርባ «የቤት ሰው ነው» አለች።

«እንግዲያው ለቤት ሰው ይንገሩልኝ፤ ድመት ጀልባ አይደለችም።» ሳቅ አለና ወዲያው ድምፁ ተለወጠ። «ክፍቱን ይተዉት። ይፍሰስ። ከላይ ከተዘጋ ወደ ውስጥ ይሄዳል፤ ያኔ እግሯን እቆርጣለሁ። ካረፈድን ደግሞ መቁረጡም አይጠቅማት።»

ጥዋትና ማታ ለብ ባለ የጨው ውሃ መዘፍዘፍ፣ መድኃኒቱን በዓሣ ሥጋ ጠቅልሎ ማጉረስ፣ ጨለማና ጸጥታ መስጠት፣ አለማስደንገጥ። ሶሞኤ ሁሉንም እንደታዘዘችው አደረገች። ታንጋም በመጀመሪያው ማታ ዓሣዋን በላች። ሶሞኤ የድመት ጉርሻ እያየች አለቀሰች፤ ባሏ ከሞተ ወዲህ ደስ ብሏት ስታለቅስ የመጀመሪያዋ ነበር።

በማግስቱ ከቀትር እንቅልፍ ስትነሳ ቁስሉ ተወትፎ አገኘችው።

ከተማችን ላሙ ቀትር ላይ ትሞታለች። ዙሁር ተሰግዶ፣ ምሳ ተበልቶ፣ ሰው ሁሉ በየቤቱ ሲጋደም አህያው እንኳ ዝም ይላል። ሌሊት ቢያንስ ባሕሩ ይሰማል፤ ቀትር ላይ ግን ምንም የለም። እናቶቻችን ልጆቻቸውን በዚያ ሰዓት ውሃ ዳር የማይሰዱት ወደው አይደለም። ሶሞኤ ጥጡን ነቀለች፣ በጨው ውሃ አጠበችና ዙሌካን በጎሪጥ አየቻት። ዙሌካ ገባት። ሦስት ባል የቀበርኩ ሴት ለድመት ልታሰር ነው ብላ አማረረች፤ ቢሆንም ራሷ እጇን ዘረጋች። በሚቀጥለው ቀትር ሶሞኤ የሌሶዋን ጫፍ የዙሌካ አንጓ ላይ ቋጥራ፣ ሌላውን ጫፍ በራሷ እጅ ጠምጥማ፣ ሁለቱ ሴቶች ከውስጠኛው ክፍል በር ፊት ለፊት ጎን ለጎን ተጋደሙ።

ዙሌካ ማንኮራፋት ጀምራ ነበር። ሶሞኤ ጣራውን እያየች ነበር። ከሰገነቱ ደረጃ ላይ እርምጃ ተሰማ።

አንዱ እግር ሙሉ ነው፣ አንዱ ይጎተታል። ሙሉ፣ ከዚያ ጉትት። ሼኩዌ ሲታመም ቀትር ቀትር ሰገነት ላይ ወጥቶ የባሕር ነፋስ ይቀበልና እንዲሁ እግሩን እየጎተተ ይወርድ ነበር። የዙሌካ ማንኮራፋት ቆመ። ጣቶቿ የሶሞኤን ክንድ ያዙ፣ ጥፍሮቿ ገቡ። እርምጃው ደረጃውን ጨረሰ፣ በእግርጌያቸው አለፈ፤ የሻርክ ዘይት ሽታ እንደ ነፋስ አለፈባቸው። የሚታይ ነገር አልነበረም። ውስጠኛው ክፍል ገባ። የገመድ አልጋው ሲጥጥ አለ፣ ሰው ሲቀመጥበት እንደሚለው። ያቺ ክዳን ሲወድቅ የምትሞት ድመት አልጮኸችም። ደስ ሲላት የምታሰማው ያ የደረት ጉርምርምታዋ ከጨለማው ውስጥ ይሰማ ነበር።

ሶሞኤ ፈርታለች፣ አልፈራችም ማለት ውሸት ነው። ግን ፍርሃቷ ሥር ሌላ ነገር ነበር። መጣ የሚል ነገር። እርምጃው ተመልሶ ደረጃውን ሲወጣ፣ ምነው ባልሄደ አለች በሆዷ።

ድመቷን ሲያዩዋት ጥጡ በቦታው ነው። ዙሌካ ቋጠሮውን በጥርሷ ፈትታ ተነስታ ሄደችና ወጥ ቤት ውስጥ ብቻዋን ተቀመጠች። ስትመለስ ዓይኗ ቀልቷል። ወንድሜ ነው፣ እርምጃውን አላጣውም አለች። ድመቷን ሊወስድ ነው የመጣው፣ እሷን ከወሰደ አንቺን ሳይወስድ አይመለስም፤ ነገ ዓርብ ነው፣ አልሃምዱሊላህ፣ ጆንያውን ዛሬ አጥቤ አሰጣለሁ አለች። ሶሞኤ ጥጡን ነቅላ ቁስሉን አጠበች። የምታየውን ታያለች፤ የታንጋ እግር እስከ ክርኗ አብጧል፣ አፍንጫዋ ደርቋል፣ ዓሣውን ሳትነካው ትታዋለች። ለሐኪሙ በመስኮት መልእክት ተልኮለት የመለሰው አጭር ነበር። አንድ ጊዜ ደግሞ ከተዘጋ እኔንም አትጥሩኝ አለ።

ያን ማታ ነገሩ ሁሉ ገባት። ሊወስዳት አይደለም የሚመጣው። ሊያድናት ነው። በሕይወቱ እንደሚያውቀው፣ ከአባቱ እንደተማረው፣ አዝኖ፣ ጥጥ አክርሮ። በገዛ እግሩ ላይ የሠራውን ስህተት በድመቷ እግር ላይ እየደገመው ነው፤ ሞቶም አልገባውም። ማን ነገረው? ስህተት ነው ያለው ሰው የለም። የሚያውቅ አንድ ሰው ነበር፣ እሱም ለምኖ ሲከለከል ዝም ብሏል። ያ ሰው እሷ ነች።

ዓርብ ወንዱ ሁሉ ጁምዓ ሰግዶ ተመለሰ። ምሳ ቀረበ። ዙሌካ ጆንያውን አጣጥፋ በሩ ሥር አስቀምጣለች፤ ጀልባው ከቀትሩ እንቅልፍ በኋላ ነው የሚነሳው። ሶሞኤ ይቺን ቀትር ብቻ ስጪኝ አለቻት። ዙሌካ አየቻት፣ ምን ልትሠራ እንደሆነ ሳትጠይቅ ሰገነቱ ሥር ካለው ደረጃ ራቅ ብላ ወጥ ቤት ገባችና ቁርኣኗን ከፈተች።

ሶሞኤ ውስጠኛው ክፍል ገባች። ቁስሉን ደግማ አጥባ ክፍቱን ተወችው። ድመቷን በሌሶ ጠቅልላ ጭኗ ላይ አስተኛቻት፣ ወለሉ ላይ ተቀመጠች፣ ፊቷን ወደ በሩ አዞረች፣ ቀኝ እጇን ክፍቱ መዳፍ ላይ ደፍታ ጠበቀች።

ሙሉ፣ ጉትት። ሙሉ፣ ጉትት።

ሽታው በሩን ሞላው። የገመድ አልጋው ከጀርባዋ ሲጥጥ አለ፣ ገመዱ ረገበ፤ ከነበረው ጨለማ ላይ ሌላ ጨለማ ቀረባት። ታንጋ ራሷን ቀና አድርጋ የተቀመጠ ሰው ፊት የሚሆንበትን ከፍታ ተመለከተች፤ ዓይኗን ጨፈን፣ ገለጥ አደረገች፤ ለምታምነው ሰው ብቻ እንደምታደርገው።

«መጣህ?» አለች ሶሞኤ። «ሼኩዌ፣ እስቲ ዛሬ እንኳ እኔ ልናገር። እንዳትነኪው አልከኝ፣ አልነካሁትም። ባሌ ያውቃል ብዬ። አንተ ጀልባ ታውቃለህ፤ ከዚህ እስከ ኪዩንጋ እንዳንተ የሚያውቅ የለም። ሥጋ ግን አታውቅም። ሥጋ ካልተከፈተ አይድንም። ሽታው ነግሮኝ ነበር። ፈራሁህ፣ አከበርኩህ፣ ዝም አልኩ። ዝም ባልል ኖሮ ዛሬ እዚህ አልጋ ላይ ተጋድመህ ሻይ አምጪ ትለኝ ነበር።»

ገመዱ ሲጥጥ አለ። እጇ ላይ ጣት አረፈ።

ታውቀዋለች። ሻካራ ነው፣ ዘይት ዘይት ይላል፣ በቀትር ሙቀት ውስጥ የጉድጓድ ውሃ ያህል ይቀዘቅዛል። ጣቶቿን አንድ በአንድ ሊያነሳ ያዘ። በኃይል አይደለም፤ ድሮ ከእጇ ማንኪያ ወስዶ ወጥ ሲቀምስ እንደሚያደርገው፣ እንደ ቀልድ። ያ ነው የባሰባት። ያን እጅ ለመንካት ስንት ቀን ስትመኝ ነበር። መልቀቅ ብቻ ነው የሚጠበቅባት። ብትለቅ ነገም ይመጣል፣ ከነገ ወዲያም ይመጣል። እስከ መቼ? ድመቷ እስክትሞት።

አልለቀቀችም።

«ለእሷ አዝነህ ነው፣ አውቃለሁ» አለች እንባዋ እየወረደ። «ግን እየገደልካት ነው። የገደለህም ይሄው ነው። ይሄ እጅህ። ተወው፣ የኔ ጌታ። ክፍቱን ተወው።»

ጣቶቹ እጇ ላይ እንደቆሙ ቆዩ። ከዚያ አንድ በአንድ ተነሱ። አልጋው ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም፤ ሰው የማያውቀው ነገር ሲነገረው ቁጭ ብሎ እንደሚያስበው። በመጨረሻ ገመዱ ተወጠረና እርምጃው በጎኗ አልፎ ወጣ። ታንጋ ልትከተለው ከሌሶው ውስጥ ተንጠራራች፤ ሶሞኤ ያዘቻት። ደረጃውን ሲወጣ ሰማችው። አያነክስም ነበር። ሁለቱም እግሮቹ ሙሉ ሙሉ እየረገጡ፣ ማቶንዶኒ በእግሩ ሄዶ በሚመለስበት ዘመን እንደሚራመደው፣ ደረጃውን ወጥቶ ሰገነቱን አቋርጦ ድምፁ ጠፋ።

ዙሌካ ስትገባ ሶሞኤ እዚያው ወለል ላይ ነበረች። ቁስሉ ክፍት ነው፣ መግል የሌለበት ንጹሕ ደም እየወጣው ነው። ዙሌካ አጎንብሳ አየችው። ቀና ስትል ከአልጋው በላይ ባለው የግድግዳ ኪስ ውስጥ አንድ ነገር አየችና አወረደችው። ጥጥ ነበር። ግማሹ ወደ ግራ ተከርሮ፣ ግማሹ ተመልሶ ተፈትቷል፤ ዘይት አልነካውም።

«ምን አልሽው?» አለች።

«እውነቱን ነገርኩት፣ ዳዳ።»

ዙሌካ ጥጡን እንደያዘች አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «ስለ እኔስ አልጠየቀም?» አለች፣ ድምፅዋም እንደ ሕፃን ሆነ። ሶሞኤ ድመቷን እንዳቀፈች ከጎኗ ተቀመጠች። ባሕሩ ዳር የማንዳው ጀልባ ነጂ የሚሻገረውን ሁሉ እየተጣራ ሲለፍፍ ይሰማል፤ ዙሌካ አልተነሳችም። ጆንያውን በኋላ የሽንኩርት መያዣ አደረገችው።

ታንጋ ዳነች። ሐኪሙ ደጃፍ ላይ ተቀምጦ በመጋረጃው ቀዳዳ የወጣውን መዳፍ አገላብጦ አይቶ፣ የቤት ሰው ምክሩን ሰማ ማለት ነው ብሎ ራሱን አወዛወዘ። እግሯን ትረግጣለች፣ ዓሣዋን ትበላለች፣ አህያ ሲያናፋ ዛሬም አልጋ ሥር ነች። አመል እስከ መቃብር።

ቀትር ግን ቀትር ብቻ ሆነ። ሶሞኤ አትተኛም። ምሳ ተነስቶ፣ ዙሌካ ማንኮራፋት ስትጀምር፣ እሷና ድመቷ የውስጠኛው ክፍል በር ላይ ቁጭ ብለው ጆሯቸውን ወደ ደረጃው ያቆማሉ። ታዘዛት እኮ። ዕድሜ ልኩን ለማንም ያልታዘዘ ሰው፣ አንዴ እውነቱን ስትነግረው ታዘዛት። ትንሽ ቀደም ብላ ብትናገረው በሕይወት ይኖር ነበር፤ ትንሽ ዘግይታ ብትናገረው ደግሞ አንድ ቀትር ይጨመርላት ነበር። ሁለቱንም ታስባለች፣ የትኛው እንደሚብስም አታውቅም።

በየቀኑ እዚያ ከመቀመጧ በፊት ከዘንቢሉ ጥቂት ጥጥ ቆንጥራ የግድግዳው ኪስ ውስጥ ታስቀምጣለች። ዙሌካ አይታለች። የከሰዓቱ የአሱር ሶላት ሲጠራ ሶሞኤ ተነስታ ታየዋለች። ጥጡ እንዳስቀመጠችው ነው፤ ማንም አላከረረውም።